በገንዘብ የተከፈለ ወንፈል

በሾዋ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ 37ኛው ዓመት፣ ዘጠነኛው ወር፣ ስድስተኛው ቀን

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ከምንጩ በሁለት ባልዲ ውኃ አመጣለሁ፤ ድሮ ሳላርፍ ነበር፣ አሁን ትልቁ ድንጋይ ጋ አንዴ ቁጭ እላለሁ። ሩዜን ዘንድሮም በራሴ ማጭድ ነው የማጭደው። መሰላል እወጣለሁ፣ እወርዳለሁም። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ብቻ ጎረቤታችንን ማሱን እጠራለሁ። እሷም አታይም፤ ስንነታረክ ስንነታረክ ክሩ በራሱ ጊዜ ይገባል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ምን ምን ይችላሉ?» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ነው። ይኸው ነገርኩሽ። ጽሕፈቱም የራሴ ነው። አራት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው ፊደል ነውና ቢንጋደድ አትሳቂ።

ልጄ ሺዙኖ፣ ሰላምታው ከላይ መሆን ነበረበት። ረሳሁት፤ ለሱ ብዬ ሌላ ወረቀት አላበላሽም። እንደምን ሰነበታችሁ? ትንሿ ፉሚ መሮጥ ጀመረች? ባልሽስ? በየደብዳቤሽ ጫፍ ኬንዞ አንድ መስመር ይጨምር ነበር፤ «አባባ፣ ብርድ እንዳይመታዎ» የምትል፣ ሁልጊዜ ያችው። አሁን የላክሽው ላይ የለችም። ከዚያ በፊት በመጣውም አልነበረችም። ተቀይሞኝ ከሆነ ንገሪኝ።

የባቡሩን ሰዓት የጻፍሽበት ወረቀት ደርሶኛል፤ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ኦሳካ ለመድረስ ሦስት ቦታ መቀየር እንዳለብኝ አይቻለሁ። አላስፈራኝም። ወታደር ሆኜ ከዚያ የባሰ መንገድ ሄጃለሁ። ባርኔጣም አለኝ። ለአከራያችሁ ምን ይዤላት ልምጣ? የደረቀ እንጉዳይ ትወዳለች ወይስ ከተሜ እንጉዳይ ይንቃል? ክፍሉስ መስኮት አለው? መስኮት በሌለው ቤት አልተኛም። የቲኬቱን ገንዘብ እንዳትልኪ። ከሰል ዘንድሮ ረክሷል፤ ነጋዴው «ሁሉም ሰው በጋዝ ነው የሚያበስለው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ወሰደብኝ። ቢሆንም ለመሳፈሪያ አላንስም። እናንተስ ገንዘብ አልቸገራችሁም?

አሁን ግን አልመጣም። ለምን እንደሆነ አንቺን ማስረዳት አልነበረብኝም፤ እዚሁ ነው ያደግሽው። በዚህ ጸደይ የቤታችን ክዳን ተራው ደርሶ ተለወጠ። አንድ ክዳን የሰው ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ያለፈው ሲከደን አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር። አሥራ ሁለቱም ቤት መጣ። እነሱ ከላይ አሮጌውን ሰንበሌጥ ሲያወርዱ እናትሽ ከታች ታማ ተኝታለች። ማሱ አቧራው እንዳይራገፍባት ከፊቷ በላይ ጨርቅ ዘርግታ እንደያዘች ዋለች። እናትሽ ኪኑ አዲሱን ሣር አሽትታ ነው የሞተችው። ጣሪያ ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ሳይበተኑ ቀበሩልኝ።

ስለዚህ የአሥራ ሁለት ቤት እጅ አለብኝ። ወንፈል ነው። በቀን የመጣ በቀን ይመለስለታል። በዚህ መኸር ተራው የማሱ ነው። ባልም ልጅም የላትም፤ ያላት የኛ እጅ ነው። የሷን ጣሪያ ሳልወጣ ወደ ኦሳካ ብሄድ ስሜ እዚህ ምን ተብሎ ይቀራል? ከሷ በኋላ የሚከተሉትን ደግሞ በየዓመቱ እየተመላለስኩ እከፍላለሁ። ባቡር መመለሻም አለው አሉ።

የማሱን ጣሪያ እጨርስና በረዶ ሳይጥል እመጣለሁ። ይህን እንደ ቃል ያዥው።

አባትሽ ቶራኪቺ


ዘጠነኛው ወር፣ ሃያ አንደኛው ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

መኸሩ እንዴት ያዘዎ? እዚህ ሙቀቱ ገና አልወጣም። ደብዳቤዎን ለፉሚ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ክርና መርፌው ጋ ስደርስ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አላውቅም፤ እኔ ስለሳቅሁ ይሆናል።

አዎ፣ መስኮት አለው። የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ብርሃን ይገባል። አከራይዋ ምንም ስጦታ አትጠብቅም። ኬንዞ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛበት ነው ያልጻፈው። አይ፣ አልተቀየመዎትም። አይ፣ ገንዘብም አልቸገረንም።

ስለ ወንፈሉ ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አባባ፣ እናቴን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም። በሰባ አራት ዓመትዎ ጣሪያ ላይ ወጥተው እያሉ እኔ እዚህ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል ብለው ያስባሉ? ያ ነገር እርስዎ እንደሚሉት ከባድ ላይሆን ይችላል። ለሁሉም መላ አለው። እርስዎ ጓዝዎን ብቻ ያሰናዱ። ከአሥረኛው ወር እንዳያልፍ፤ እለምንዎታለሁ።

ሺዙኖ


አሥረኛው ወር፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን

ዛሬ እቤት ዋልኩ።

ጓዝ ያሰናዱ ላልሽኝ፣ ሻንጣ የለኝም፤ በጨርቅ ነው የምቋጥረው። ዛሬ ቋጥሬ አየሁት። ሁለት የውስጥ ልብስ፣ ምላጭ፣ የእናትሽ ስም የተጻፈባት የመታሰቢያ ሰሌዳ፣ ለፉሚ የደረቀ የካኪ ፍሬ። ከባድ አይደለም። ሰው ሰባ አራት ዓመት ኖሮ ጓዙ በአንድ እጅ ይነሳል። ባርኔጣውንም አደረግሁት፤ አይጥ ጠርዙን በልታዋለች፤ በተበላው በኩል ወደ ኋላ አዙሬ አደርገዋለሁ። ገንዘቤን ቆጠርኩ። ለመሄጃ ይበቃል። ለመመለሻ እዚያ ሆነን እናያለን።

ይህን ሁሉ በሥራ ቀን የሠራሁት ሥራ ስላጣሁ ነው። የማሱ ጣሪያ ዛሬ ተጀምሯል።

ደንቡን ታውቂያለሽ። ጣሪያው የሚከደንለት ሰው በዋዜማው ራሱ በየበሩ ዞሮ «ነገ እጅህን አበድረኝ» ይላል። ሳይጠራ የሚሄድ የለም። ማሱ ትናንት ስትዞር የጎረቤት በር ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። የኔ አልተንኳኳም። ቅርብ ስለሆንኩ ጠዋት ባጥሩ በኩል ትጠራኛለች ብዬ የሥራ ልብሴን ለበስኩ፣ የሣር መቁረጫ መቀሴን ሳልኩ፣ የገለባ ጫማዬን ጠብቅ አድርጌ አሰርኩና ደጃፌ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ በፊቴ አለፉ። የወንፈሉ አለቃ ጊሄይ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ጊሄይ ለኔ ባርኔጣ አንስቶ አያውቅም። ባየኝ ቁጥር «አልሞትክም እንዴ?» ነበር የሚለኝ።

ገባሁና ሩዝ አሞቅሁ። ለኪኑ አስቀድሜ በስሟ ሰሌዳ ፊት አስቀመጥኩላት፤ እኔ በኮመጠጠ ፍጅል በላሁ። የሰንበሌጡን ጫፍ በእንጨት መምቻ ሲያስተካክሉ ድምፁ ሸለቆውን ይሞላዋል። ማን እንደሚመታ ከድምፁ አውቃለሁ። ጊሄይ ሁለቴ መትቶ ያርፋል። በምሥራቅ በኩል የነበረው ሰው አመታቱ ልል ነው፤ ያ በኩል እኔ የምቆምበት ነው። ምንጣፉን ጠረግሁ። ጫማዬን ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ፣ ፈታሁ። የባቡሩን ሰዓት በቃሌ አጠናሁ። እንዲህ ነው የዋልኩት። ደህና ቀን ነበር፤ ፀሐይም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሱ መጣች። ቀይ ባቄላ የገባበት ሩዝ በዕቃ ይዛ፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ።

«አባት ቶራኪቺ፣ ይቅመሱልኝ» አለችኝ።

ማሱ እኔን በሕይወቷ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። «አንተ ገታራ» ነው ስሜ እሷ ዘንድ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ? የጣሪያ ሩዝ ነው። ለእንግዳም ይደርሳል።»

«እንግዳው እኔ ነኝ?»

«መንገደኛ ነዎት ብለን ነው።»

«ማሱ፣ ከመሰላል ይወድቃል ብላችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። አልቆጣም።»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«እሱን ጊሄይን ይጠይቁ። እኔ ለሠራተኛው ሻይ አልጣድኩም» ብላ ሄደች። ዕቃውን እንኳ እስክመልስላት አልጠበቀችም።

ሩዙ ጥሩ ነው። አልበላሁትም። ነገ ጊሄይን እጠይቀዋለሁ።

አባትሽ


አሥረኛው ወር፣ አሥራ ዘጠነኛው ቀን

የትናንት ወዲያውን ደብዳቤ ከፖስተኛው ላስመልሰው ፈልጌ ነበር፤ ሄዷል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቢያቸው።

ጊሄይን ትናንት አጣሁት፤ ዛሬ እሱ ጋ ሄድኩ። ደጁ ላይ ገመድ እየለካ ነበር። የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍልሽና ራስሽ ፍረጂ።

«ጊሄይ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ኧረ ዕድሜ ይስጥዎ።»

«እርስዎ አትበለኝ። አፍንጫህን መናፈጥ ሳታውቅ ጀምሮ አንተ ስትለኝ ነው የኖርከው። ለምን አልተጠራሁም?»

«ያንተ ቤትማ ተከፍሏል፣ አያ ቶራ።»

«ምኑ ነው የተከፈለው?»

«የሁሉም ቀን ነዋ። ልጅህ ከኦሳካ በፖስታ ቤት ልካልን። ለየቤቱ የአንድ ቀን፣ በከተማ ደመወዝ ልክ። ‹አባቴን ከዕዳው ፍቱልኝ› ነው የሚለው ወረቀቱ። የምታውቅ መስሎኝ በነጭ በነጭ ፖስታ አድርጌ ለሁሉም አደረስኩ።»

«ማን ተቀበለ?»

«ሁሉም። ምን ይበሉ? ከሰሉ ላንተ ብቻ አይደለም የረከሰው።»

«መልሱልኝ። ቀኔን በጉልበቴ እከፍላለሁ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ማሱ የሷን ለሠራተኛው ሳኬ ገዛችበት፤ ጠጣነው። በምን እንመልስልህ? አጥር ሥር ቆመን?»

«ቀልድህን ተው።»

«ቀልዴን አይደለም። በገንዘብ የሚከፍል ቤት የሚሄድ ቤት ነው። ዘይት ነጋዴው ከፈለ፣ ሄደ። እነ ቶሜጆ ከፈሉ፣ ሄዱ። ከፍሎ የቀረ ሰው እዚህ አልታየም። ከፍሎ የቀረን ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን? ብትወድቅብንስ በማን ቀን ነው የምንሸከምህ?»

ጊሄይ ልክ ነው። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደሱ ነበር የምለው።

እንግዲህ ቤታችን ከወንፈል ወጥቷል። በበረዶ ጊዜ ጣሪያዬን መጥረግ የሚገባው፣ ሬሳዬን ማንሳት የሚገባው ሰው የለም። በደግነት ከመጡ ይመጣሉ። በደግነት ደግሞ ከማንም ምንም ወስጄ አላውቅም።

ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣሽው? የኬንዞ ደመወዝ እንደማይችለው አውቃለሁ። ኬንዞ የት ነው? ራሱ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። ተቆጥቻለሁ፣ ግን ለዚያ አይደለም የምጽፈው።

ቶራኪቺ


አሥረኛው ወር፣ ሃያ ስምንተኛው ቀን

አባባ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

ኬንዞ ያልጻፈው መጻፍ ስለማይችል ነው። በስድስተኛው ወር ፋብሪካ ውስጥ የብረት መጭመቂያው የቀኝ እጁን ያዘው። የቀረችለት አውራ ጣቱ ናት። ለጥቂት ጊዜ ከፈሉት፤ ከዚያ ማሽኑን በትክክል አልያዝክም አሉና አቆሙ። በግራ እጁ ሊጽፍልዎ ይጀምርና ወረቀቱን ይቀደዋል። ገንዘብ ካገኘ ይወጣል፤ ከወጣ ቶሎ አይመለስም።

ለመንደር የላክሁትን የተበደርኩት ከአከራይዋ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልመለስኩ ክፍሉን እንለቃለን።

የከፋውን ልንገርዎ። «ይምጡ፣ እንከባከብዎ» ስል የኖርኩት ውሸት ነው። የምፈልግዎ እኔ ነኝ። ክር ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሥራ አግኝቻለሁ። ፉሚን የሚይዝልኝ የለም፤ ካባቷ ጋር ብቻዋን ትቻት መውጣት ፈራሁ። እርስዎ እቤት ካሉ ኬንዞም ያፍራል፣ ልጅቷም ታድራለች፣ እኔም እሠራለሁ ብዬ አሰብኩ። «ይምጡና ይርዱኝ» ብዬ መጻፍ ግን አቃተኝ። «እንርዳዎ» ማለት ቀለለኝ።

ገንዘብ የከፈለ ቤት የወጣ ቤት መሆኑን ረስቼ ነው ልልዎ ነበር። አልረሳሁም፣ አባባ። እዚያው ነው ያደግሁት። ወንፈሉ ካልለቀቀዎ እንደማይመጡ ስላወቅሁ፣ እንዲያወጡዎ ነው የላክሁት።

አሁን ይምጡልኝ። ቀኑን ብቻ ይጻፉ፤ ፉሚን ይዤ ጣቢያው ላይ እቆማለሁ።

ሺዙኖ


አሥራ አንደኛው ወር፣ ዐሥረኛው ቀን

ልጄ ሺዙኖ፣

ፊደሉ ከወትሮው ቢብስ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። መልሱ የዘገየውም በዚሁ ነው።

ያንን ቀደም ብለሽ ብትጽፊልኝ ጣሪያም ሩዝም ትቼ፣ ያችን አይጥ የበላቻትን ባርኔጣ አድርጌ በማግሥቱ እመጣ ነበር። ለማሱ እንኳ «ልጄ ፈልጋኛለች» እላት ነበር፤ እሷም «ሂድ» ትለኝ ነበር። ለሽማግሌ ያዘንሽ መስሎኝ ነው እምቢ ያልኩሽ። አንቺም እርዱኝ ማለት አለመቻሉን ከኔ ነው የወረስሽው። ሌላ ነገር ብትወርሺ ይሻል ነበር።

ቀን ይጻፉልኝ ብለሻል። ልጽፍልሽ የምችለው ቀን የለኝም። ምክንያቱን ላልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ጣቢያ ላይ ልጅ ይዘሽ እንዳትቆሚ ብዬ እነግርሻለሁ።

ከጊሄይ ጋር በተነጋገርን ማግሥት የማሱ ጣሪያ የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ሳልጠራ ሄድኩ። ሰው ሳይሰበሰብ በምሥራቅ በኩል፣ በቦታዬ ወጥቼ መቁረጥ ጀመርኩ።

«አንተ ገታራ፣ ውረድ ከጣሪያዬ ላይ» አለችኝ ማሱ ከታች። አንተ አለችኝ። ደስ አለኝ።

«ቀኔን ስጨርስ እወርዳለሁ።»

«ምንም ቀን የለብህም።»

«ገንዘቤን ጠጥታችሁ ቀኔንም ልትጠጡ ነው?»

የመጡት ሁሉ ሳቁ። ጊሄይም ሳቀና «ተውት፣ ይሥራ» አለ፤ ከጎኔ ቆመ። እስከ ቀትር ሠራሁ። መቀሴ ከማንም አላነሰም፤ የምሥራቁን ጠርዝ አይተሽው ቢሆን የማን እንደሆነ ታውቂ ነበር። ከዚያ ወረድኩ። በመሰላሉ አይደለም። ስለሱ ይኸው ይበቃል።

ወጌሻው ከታችኛው መንደር መጣ። ዳሌ ነው አለ። «ሽማግሌ፣ አጥንት እንደ ሣር ታስሮ አይያዝም፤ እስከ ጸደይ ተኛ» ብሎኛል። ከማሱ ግቢ እስከ ቤቴ አራት ሰው ተሸከመኝ። በማን ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እነሱም አላነሱትም። ማሱ ጠዋትና ማታ ገንፎ ታመጣለች። ጨው ታበዛለች። ስነግራት «የከፈልከው ለጣሪያ ነው እንጂ ለገንፎ አይደለም» ትለኛለች።

ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዝግባ እንዲያይ ለእንጨት ነጋዴው ልኬበታለሁ። ለአከራይሽ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይደርስሻል በያት። እንጉዳይ ግን አልልክላትም።

ኬንዞን እንዲህ በይው፤ በግራ እጁ ይጻፍልኝ። የኔን ፊደል ያየ ሰው በምን ያፍራል?

ፉሚን ለጊዜው ከጎረቤት ሴት ጋር ማሳደር ይቻል ይሆን? ከተማ ውስጥ ይህን በምን ነው የሚመልሱት? በገንዘብ ነው?

አባትሽ


አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ሦስተኛው ቀን

ፖስተኛው ይህን ይዞ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ በረዶው እስኪቀልጥ አይወጣም። በር ላይ ቆሞ ሰማዩን እያየ «ቶሎ ይበሉ እንጂ» ይለኛል። ስለዚህ የፊደሌን ነገር ተይው።

ኬንዞ በግራ እጁ የጻፈውን አንብቤዋለሁ። ምን እንዳለ አትጠይቂኝ፤ የሱና የኔ ነው። ፉሚን ስለያዘችልሽ ሴት የጻፍሽውም ደርሶኛል። በየወሩ የምትከፍያት ብዙ ነው። ግን ክፈያት፣ አትከራከሪያት።

መንደሩ ወርዷል። በደብዳቤሽ «ወሬው እውነት ነው ወይ?» ያልሽው እውነት ነው። ከአውራጃው ሰው መጥቶ ከታች ከተማው ውስጥ ቤት ተሠርቶላችኋል፣ መብራት አለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አለ። ከበረዶ በፊት የገባ ያገኛል፣ የቀረ ይቀርበታል አለ። ጊሄይ ቤት ተሰብስበው መከሩ። እኔ አልተጠራሁም፤ የነገረችኝ ማሱ ናት። እያንዳንዱ ተነስቶ ለማን የስንት ቀን እጅ እንዳለበት ተናገረ። ካያቶቹ ጊዜ ጀምሮ ያለበትም ነበር። ቆርቆሮ በወንፈል አይከደንም፤ እንግዲህ ማንም ለማንም ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ይቅር ተባባሉ። ጊሄይ አለቀሰ አሉ። ጊሄይ ባባቱ ቀብር እንኳ አላለቀሰም።

«ያንተ ቤት ሲደርስ ዝም ተባለ» አለችኝ ማሱ። «ይቅር የሚባልልህ ነገር አልነበረህም።»

በዚህ ሸለቆ ውስጥ ማንም ይቅር ያላለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ጊሄይ የቤቱን በር ነቅሎ አምጥቶ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠልኝ።

«እዚህ ላይ አስተኝተን፣ አራት ሆነን እናወርድሃለን» አለ።

«በማን ቀን?»

«አያ ቶራ፣ አሁን ቀን የሚባል ነገር የለም። አልቋል።»

«ላንተ አልቆ ይሆናል።»

«ቤታችንን ጭነን በምንወርድበት ቀን ነው አንተን የምንሸከመው፤ እናስ? ብርቅ ነው? ልጁን የሚሸከም አለ፣ ዶሮውን የሚሸከም አለ።»

ዶሮ አደረገኝ። አልተቆጣሁም። ግን አራት ሰው፣ ያውም ጓዙ ደጅ ተቀምጦ፣ ያውም እኔ የአንዳቸውም ቀን ሳይኖረኝ፣ እንዴት ብዬ በሩ ላይ ልተኛ? ከአፌ ምን ወጣ መሰለሽ? «አማቼ ኬንዞ ሊወስደኝ እየመጣ ነው» አልኩት። በዚህ ሳምንት ይደርሳል፣ በጀርባው አዝሎ ያወርደኛል አልኩት።

«ጉልበቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እጁስ ይይዛል? መንገዱ ይንሸራተታል።»

«ይይዛል» አልኩት።

አመነኝ። አርባ ዓመት ዋሽቼው ስለማላውቅ ነው። በሩን እዚሁ ትቶልኝ ወረደ። ማሱ ግን «ልጁን ሳላየው አልሄድም» ብላ ቀረች። ሦስት ቀን ገንፎ እያመጣች መንገዱን ታይ ነበር። እንዳትቀርብኝ ብዬ ሰደብኳት። ያልኳትን አልጽፈውም። ባለቀው ጣሪያዋ ሥር ሁለት ወር እንኳ ሳትኖር፣ ዞራ ሳታየው ወረደች። ፖስተኛውም ኬንዞ መንገድ ላይ ያለ ይመስለዋል። እንዳታስነቂብኝ።

አንቺ አትምጪ። ይህ ሲደርስሽ መንገዱ ተዘግቷል። ኬንዞም እንዳይሞክር፤ አንድ እጅ ያለው ሰው ያን ገደል አይወጣም። ሩዝ አለኝ። ማሱ እንጨቱን እጄ እሚደርስበት ቆልላልኛለች። በክንዴ እየተሳብኩ ምድጃው ጋ እደርሳለሁ፤ እስከ ውኃውም እደርሳለሁ። በረዶው ከትናንት ጀምሮ ይጥላል፤ ገና ቀላል ነው። ጥፋቱ የኔ ነው እያልሽ እንዳትቀመጪ። ተቆጥቼሻለሁ፣ ንዴቱ ግን በጸደይ ስንገናኝ ይሁን።

የዝግባው ገንዘብ ከዚህ ጋር ነው። ነጋዴው ዋጋ ጣለብኝ፤ ተኝቶ የሚሸጥ ሰው አይከራከርም። ለአከራይሽ ይበቃል፤ ለኬንዞ ሐኪም አይበቃም። ከሱ የሚተርፈውን ፉሚን ለምትይዘው ሴት ስጫት።

ዳግመኛ በኔ ስም ለማንም ገንዘብ እንዳትልኪ። እኔ ራሴ የምከፍለው እንደሚከተለው ነው።

ለማሱ የቀረው ግማሽ ቀን፤ የገንፎው ሁሉ፤ የተሰደበችውም አለ። ለጊሄይ አንድ በር፤ ውሸቱንም ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ። ለተሸከሙኝ ለአራቱ ለየራሳቸው አንድ አንድ ቀን፤ ከነሱ አንዱ ወገቡን ይዞት ነበር፣ ለሱ ሁለት። ቆርቆሮ ይከደን አይከደን እኔ አላውቅም፤ አጥር ይኖራቸዋል፣ እንጨት ይኖራቸዋል፣ እሠራለሁ። ለቀሩት ቤቶች ገመድ፤ ተኝቶም ይገመዳል፣ ማሱ ሳትወርድ ገለባ አስመጥቻለሁ፣ ዛሬ ጀምሬያለሁ። ለወጌሻው አንድ ከረጢት ከሰል። ለዚህ ለፖስተኛ የቴምብሩ፤ ሳንቲም አጣሁ፣ እሱ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ለፉሚ እናቷ ማታ ማታ ስትወጣ ያልያዝኳት ሌሊት ሁሉ። በጸደይ መጥተው በረዶውን ጠርገው በሬን ለሚከፍቱት ሰዎች፣ ስንት እንደሚሆኑ አላውቅም፣ ለያንዳንዳቸው የአንድ ቀን እጅ።